የኤሌክትሪክ ኃይል ምንድን ነው? ወደ ሌሎች የኃይል ዓይነቶችስ እንዴት ይለወጣል?

በኅብረታችን የጥናት ክበብ በዚህ የትምህርት ዓመት ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ያከራከረው የመብራት ሒሳብ ጉዳይ ነው። በጋራ ቤት ተከራይተው በሚኖሩ አባሎቻችን ዘንድ የወሩ ሒሳብ ከፍ ብሎ በመጣ ቁጥር እንጀራ የሚጋግሩት በአንድ ወገን፣ ሌሊቱን ሙሉ ኤር ኮንዲሽነር ከፍተው የሚያድሩት በሌላ ወገን ሆነው ሲወቃቀሱ እንሰማለን። ምጣዱ ይታገድ እስከ ማለት የደረሱም አሉ። የጥናት ክፍሉ ነገሩን ሲመረምረው፣ የክርክሩ ምንጭ የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ምን እንደ ሆነና ወደ ሌላ የኃይል ዓይነት ሲለወጥ ምን እንደሚደርስበት በውል አለመታወቁ ጭምር መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምረን ለማስረዳት እንሞክራለን። የፊዚክስና የምሕንድስና ተማሪዎች የሚያውቁትን ስንደግምባቸው ቢሰለቹ ይታገሡን፤ ጽሑፉ በተለይ የታሰበው ሕግ፣ ቋንቋና ንግድ ለሚያጠኑት ነው። ሒሳቡን እነሱም ይከፍላሉና።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። በአማርኛችን “ኃይል” የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ስለ ጦር ሠራዊት፣ ስለ ሰው ጡንቻ፣ ስለ መብራትም ስንናገር በዚሁ በአንዱ ቃል እንጠቀማለን። በዚህ ጽሑፍ “ኃይል” ስንል ሥራ ለመሥራት ወይም አንድን ነገር ለማሞቅ የሚያስችለውን፣ በውጭ ቋንቋ ኢነርጂ የሚባለውን ማለታችን ነው። ይህ ኃይል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈስ የሚያመለክተውን፣ ፓወር የሚሉትን ደግሞ “አቅም” እንለዋለን። አቅም የሚለካው በዋት ነው። የ1,000 ዋት አቅም ያለው ዕቃ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ የሚወስደው ኃይል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውና እኛም የምንከፍልበት ይኸው ነው። በውኃ ብንመስለው፣ አቅም ማለት ከቧንቧው በየደቂቃው የሚወርደው መጠን ሲሆን ኃይል ማለት በበርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። ቧንቧው ሰፊ ቢሆንም ለአጭር ጊዜ ከተከፈተ በርሜሉ አይሞላም፤ ቀጭን ቧንቧም ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ካደረ በርሜሉን ያትረፈርፈዋል። ይህን ልዩነት አንባቢው እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ኤሌክትሪክ ራሱስ ምንድን ነው? የአገራችን ሕዝብ “መብራት” ብሎ ይጠራዋል፤ አምፖል ቀድሞ ስለ ደረሰው ነው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ ይላል። ሲነዝረው ደግሞ ኮረንቲ ያዘኝ ይላል፤ ይኸኛው ስም ለነገሩ ይበልጥ የቀረበ ነው። እንደ መዳብ ባሉ ብረታ ብረቶች ውስጥ ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው እንደ ልብ የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች አሉ። በሽቦው አንድ ጫፍና በሌላው ጫፍ መካከል የሚገፋ ነገር ሲኖር፣ ማለትም ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ሲገኝ፣ እነዚህ ኤሌክትሮኖች በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ። ግፊቱ በቮልት፣ ፍሰቱ በአምፔር ይለካል። ሁለቱ ሲባዙ አቅሙን በዋት እናገኛለን።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን ኤሌክትሮኖቹ እጅግ ቀርፋፋ መሆናቸው ነው። በቤታችን ሽቦ ውስጥ የሚሄዱት በሴኮንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከዚያም በላይ፣ በየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛሉ እንጂ የትም አይደርሱም። ፈጥኖ የሚደርሰው ግፊቱና ከእሱ ጋር የሚተላለፈው ኃይል ነው። እንግዲህ ከኤሌክትሪክ ድርጅቱ የምንገዛው ኤሌክትሮን አይደለም፤ ኤሌክትሮኖቹ ሽቦው ሲገዛ አብረው የመጡ ናቸው። የምንገዛው በሽቦው አማካይነት የተላከውን ኃይል ነው።

ከዚህ ተነሥተን ዋናውን ነገር ልንናገር እንችላለን። የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ከሰል ወይም እንደ ነዳጅ ዘይት ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር አይደለም። ከሌላ ኃይል ተለውጦ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ከደረሰ በኋላም ወደ ሌላ ኃይል ተለውጦ ይሄዳል። በመሐል ያለው ተላላኪ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ርካሽ ነው ወይስ ውድ፣ ያባክናል ወይስ ይቆጥባል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከምን መጣ? ወደ ምንስ ሄደ? የሚለው ካልታወቀ መልስ የለውም።

ኃይል ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ሲለወጥ ጠቅላላ ድምሩ እንደማይጎድል በሙከራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል ነው። የቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ልጅ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ዓመታት፣ ክብደት ያለው ነገር ወደ ታች ሲወርድ በውኃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያዞር አድርጎ፣ ውኃው በምን ያህል እንደ ሞቀ እየለካ፣ ይህን ያህል ሥራ ሁልጊዜ ይህን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1841፣ ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረውን ሙቀት ሕግ ያወጣውም እሱ ነው። ይህን ሕግ ከታች ለስፒናችን ስንል እንፈልገዋለን።

ድምሩ የማይጎድል ከሆነ ታዲያ “ኃይል ባከነ” ማለት ምን ማለት ነው? የኃይል ዓይነቶች ሁሉ በጥራት እኩል አይደሉም። ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት መለወጥ እጅግ ቀላል ነው፤ መቶው በመቶ ይለወጣል። ሙቀትን ወደ እንቅስቃሴና ወደ ኤሌክትሪክ መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከፊሉ የግድ ወደ ውጭ መጣል አለበት። ይህን ገደብ ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 አሳይቷል። በየአየሩ የተበተነ ለብ ያለ ሙቀትማ ተሰብስቦ ሞተር ሊያዞር አይችልም። ባከነ የምንለው እዚያ ደረጃ የደረሰውን ነው።

አሁን ሁለት መንገዶችን እናነጻጽር። አንደኛው የአገር ቤት መንገድ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የተገታ ውኃ እምቅ ኃይል አለው። ሲለቀቅ እምቁ ኃይል ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል፤ ውኃው ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፤ በጄኔሬተሩ ውስጥ ማግኔትና የመዳብ ጥቅልል እየተላለፉ ሲዞሩ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን የመጨረሻውን ያገኘው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1831 ነበር። በዚህ መንገድ ውስጥ እሳት የሚባል ነገር ስለሌለ ካርኖ ያሳየው ገደብ አይነካውም፤ በጥሩ ጣቢያ ከውኃው ኃይል ከመቶ 90 ያህሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ጣቢያ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የመጠኑ ልዩነት የትየለሌ ቢሆንም የአሠራሩ መሠረት ያው ነው።

ሁለተኛው መንገድ እዚህ የምንኖርበት አካባቢ መንገድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከነዳጅ ዘይት ነው፤ የፀሐይ ጣቢያዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየጨመሩ ቢሄዱም። በጋዙ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ኃይል ሲነድ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ተርባይን ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ግድቡ ነው። መሰናክሉ በመሐል ያለው እሳት ነው። ተራ የጋዝ ተርባይን ከነዳጁ ኃይል ከመቶ 35 እስከ 40 ያህሉን ብቻ ኤሌክትሪክ ያደርጋል። የሚወጣውን ትኩስ ጭስ እንደገና እንፋሎት እያፈሉበት ሁለተኛ ተርባይን የሚያዞሩ ጣቢያዎች፣ የተሻሉት፣ እስከ 60 ይደርሳሉ። የተረፈው ወደ አየርና ወደ ባሕር ይሄዳል። በዚህ አካባቢ ከሚጣለው እንፋሎት ላይ ጥቂቱን ወስደው የባሕር ውኃ እያጣሩ መጠጥ ውኃ የሚያደርጉበት ዘዴ ለብዙ ዘመን የተሠራበት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብልህነት ነው እንላለን።

ወደ ቤታችን እንግባ። ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ሲለወጥ ከሁሉ የምናውቀው ምጣዱ ነው። ከሸክላው በታች የተጠማዘዘው ሽቦ ኤሌክትሮኖቹን አላሳልፍ ብሎ ስለሚቋቋማቸው፣ እነሱም ከሽቦው አቶሞች ጋር እየተጋጩ ኃይላቸውን ስለሚተዉበት ይግላል። ካውያ፣ የሻይ ማፍያና የሻወር ውኃ ማሞቂያም ከዚህ የተለየ አሠራር የላቸውም። የተለመደው የእንጀራ ምጣድ አቅሙ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው። አንድ እንጀራ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ እናስላ። ሊጡ ግማሽ ኪሎ ነው እንበል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሊጡን ከ20 ዲግሪ ወደዚያ ለማድረስ 0.04 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ከዚያ በኋላ ዓይን እያወጣ ሲበስል 100 ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት ቢወጣ፣ ለዚያ ብቻ 0.06 ይፈልጋል። ድምሩ 0.1 ነው። ከአክንባሎው ሥር ፈንጠር እያለ የሚወጣው እንፋሎት ከሊጡ ማሞቂያ ይልቅ ብዙ ኃይል ይዞ እንደሚሄድ ልብ ይሏል። አሁን ምጣዱ ለአንድ እንጀራ ማሰሻውንና ማውጫውን ጨምሮ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ የሚወስደው 0.175 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከመቶ 57 ያህሉ እንጀራው ዘንድ ይደርሳል፤ የቀረው ከሥርና ከዳር ወደ ማድቤቱ ይበተናል። መጀመሪያ ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ሲጨመርበት ደግሞ ከዚህ ያንሳል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተጥዶ፣ ማሞቂያውን ቀንሰን፣ ሠላሳ አምስት ያህል እንጀራ ቢወጣ፣ ፍጆታው 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በወር አራት ጊዜ ቢጋገር 28 ይሆናል።

አሁን ኤር ኮንዲሽነሩን እንመልከት። አንዳንድ ሰው ኤሌክትሪክ ወደ “ቅዝቃዜ” ይለወጣል ብሎ ያስባል። ቅዝቃዜ የሚባል የኃይል ዓይነት የለም። ኤር ኮንዲሽነር ሙቀትን ከክፍሉ ቀድቶ ወደ ውጭ የሚደፋ ፓምፕ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚውለው ኮምፕሬሰሩን ለማዞር፣ ማለትም ለእንቅስቃሴ ነው። ሙቀቱን ስለማይፈጥረው፣ ተሸክሞ ብቻ ስለሚያወጣው፣ አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ሊያወጣ ይችላል። አንድ ተኩል ቶን የተባለው የመኝታ ቤት ዓይነት 5.3 ኪሎ ዋት ሙቀት ለማውጣት 1.8 ኪሎ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ውጭው 45 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ዳገቱ ስለሚበረታበት የበለጠ ይወስዳል። የኃይል ሕግ ተሻረ ማለት አይደለም፤ በስተውጭ ባለው ሳጥን በኩል የሚወጣው ሙቀት ከክፍሉ የተቀዳው 5.3ና የኤሌክትሪኩ 1.8 ተደምረው ነው።

እንግዲህ ኮምፕሬሰሩ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በወር 648 ነው። ምጣዱ በወር ሙሉ የሚወስደው አንዱ ኤር ኮንዲሽነር በአንድ ቀን ተኩል ከሚወስደው ያንሳል። በአቅም ሲታይ ምጣዱ እጥፍ ያህል ነው፤ በኃይል ሲታይ ግን ሃያ ጊዜ ከዚያም በላይ ያንሳል። ስለዚህ ምጣዱ ይታገድ ያሉት ወገኖች በሒሳቡ ረገድ ክሳቸው አይቆምም። አንድ ነገር ግን እንቀበላቸዋለን። ኤር ኮንዲሽነር በተከፈተበት ቤት፣ የማድቤቱ በር ሳይዘጋ ሲጋገር፣ ምጣዱ የበተነውን ሙቀት ኤር ኮንዲሽነሩ እንደገና ቀድቶ ማውጣት አለበት። ለ3.5 ኪሎ ዋት ሙቀት ተጨማሪ 1.2 ኪሎ ዋት ያህል ይከፈልበታል። በሩን ዘግቶ፣ የማድቤቱን መስኮት ከፍቶ መጋገር ይህን ያስቀራል።

በሒሳቡ ነጻ ያወጣነው ምጣድ ግን በሌላ ነገር ተጠያቂ ነው፤ ይህም ከገንዘብ የከፋ ነው። በ230 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት ለማግኘት ከ15 አምፔር በላይ ማለፍ አለበት። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምንጠቀምበት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና የተሠራው ለ13 አምፔር ነው። በውስጡ ፊውዝ አለ፤ ከመጠን ካለፈ ያቋርጣል ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን የ13 አምፔር ፊውዝ በ15 አምፔር ወዲያው አይቃጠልም፤ ለረዥም ጊዜ ተሸክሞት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚግለው ስፒናው ነው። ከላይ የጠቀስነው የጁል ሕግ እንደሚለው፣ በአንድ ቦታ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔሩ ብቻ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር ይጨምራል። የላላ የሶኬት ከንፈር ተቋቁሞው 0.1 ኦም ብቻ ነው እንበል። በ15 አምፔር 23 ዋት ሙቀት በአንዲት ጠባብ ቦታ ይጠራቀማል፤ ይህ አንድ ትንሽ የሬዲዮ ጠጋኝ የቆርቆሮ ማቅለጫ የሚግልበት ያህል ነው። በ8 አምፔር የሚሠራ ኤር ኮንዲሽነር በዚያው ሶኬት ላይ ቢሰካ ግን 6 ዋት ያህል ነው። ሶኬት ጠቁሮና ቀልጦ ያየ ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ምጣዱ ከአገር ቤት የመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ የሚታለፍ የማይመስል፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ለ220 ቮልት የተሠራ ምጣድ 240 ቮልት በሚሠራበት አገር ቢሰካ፣ ሽቦው ያው ስለሆነ ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱም አብሮ ይጨምራል። በመሆኑም 3.5 የነበረው አቅም ወደ 4.2 ኪሎ ዋት ገደማ፣ አምፔሩም ከ17 በላይ ይወጣል። እንጀራው ቶሎ ቶሎ ሲያርባቸው ሊጡን የሚወቅሱ ሰዎች ቮልቱንም ይጠይቁ። መፍትሔው ምጣዱን ከተራ ሶኬት ማላቀቅ ነው። በብዙ ቤቶች ማድቤት ውስጥ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ተብሎ ወፍራም ሽቦ የተዘረጋለት፣ ትልቅ ማብሪያ ያለው የብቻ መስመር አለ፤ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ምጣዱን ከዚያ ጋር ያገናኘው። በጥቅልል ማስረዘሚያ ገመድ ላይ መጥጣድማ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያወጣበት አያገኝም። አከራይ አይፈቅድም የሚል ካለ፣ ግማሽ አቅም ያለውን ትንሹን ምጣድ ይያዝ።

ይኸው የጁል ሕግ ነው በየተራራው የምናያቸውን ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች ያስተከለው። አንድ ዓይነት አቅም በእጥፍ ቮልት ቢላክ አምፔሩ ግማሽ ይሆናል፤ በመንገድ በሙቀት የሚጠፋው ግን አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል። ከኅዳሴው ግድብ በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት የሆነው ለዚህ ነው። ከተማ ሲደርስ ትራንስፎርመሮች ደረጃ በደረጃ ያወርዱትና 220 ሆኖ ወደ ቤት ይገባል።

ኤሌክትሪክ ወደ እንቅስቃሴ ሲለወጥ ነገሩ ከሙቀት ይልቅ ያማረ ነው። ዴንማርካዊው ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ እንደሚዞር አየ። ሞተር የሚባለው ሁሉ የዚያ መርፌ ዝርያ ነው። ደህና ሞተር ከሚቀበለው ኤሌክትሪክ ከመቶ 85 እስከ 95 ያህሉን ወደ መሽከርከር ይለውጣል። በየገበያው ዳር ቱፍ ቱፍ ሲል የምናውቀው የናፍጣ ወፍጮ ከነዳጁ ሲሶውን እንኳ ወደ ድንጋዩ ማድረስ ይከብደዋል። በተጨማሪም ሞተርና ጄኔሬተር አንድ ዕቃ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይዞራል፣ ሲያዞሩት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ የሚሞላው በዚህ ዘዴ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ማገዱን ስናነብ፣ በአሠራሩ ላይ የሚነሣው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በኃይል ሽግግር ረገድ ስሌቱ የሚደግፈው መሆኑን መናገር እንችላለን።

ስለ ብርሃን ባጭሩ። የቀድሞው ባለ ክር አምፖል በእውነቱ ማሞቂያ ነበር፤ ከሚወስደው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ከመቶ 5 አይሞላም። ኤል ኢ ዲ የተባለው የአሁኑ አምፖል ግን ሙቀትን መንገድ ሳያደርግ፣ ኤሌክትሮኖቹ በጠጣሩ ውስጥ ከላይኛው የኃይል ደረጃ ወደ ታችኛው ሲወርዱ በቀጥታ ብርሃን እንዲሰጡ ስለሚያደርግ፣ የ60 ዋቱን ሥራ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሠራል። ወደ ኬሚካዊ ኃይል የሚለወጠው ደግሞ በባትሪ ነው። ስልካችንን ስንሞላ የሊቲየም አቶሞች ቦታቸውን እንዲለውጡ እናስገድዳለን፤ ስንጠቀም ወደ ቦታቸው እየተመለሱ የተቀበሉትን ይሰጣሉ። አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 ከሠራው የመጀመሪያ ባትሪ ጀምሮ እንደ ባትሪ ድንጋይ ያሉት አንድ አቅጣጫ ብቻ ሄደው የሚያልቁ ናቸው፤ የሚሞሉት ተመልሰው የሚመጡ ናቸው።

አሁን ሁለቱን መንገዶች እስከ እንጀራው ድረስ እንከተላቸው። እዚህ፣ ጋዝ በሚነድበት አገር፣ ከ100 እጅ የጋዝ ኃይል ግማሹ ኤሌክትሪክ ሆነ እንበል፤ በመስመር ጥቂት ጠፍቶ 45 ቤታችን ቢገባ፣ ከምጣዱ 26 ያህሉ እንጀራው ዘንድ ይደርሳል። ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ኤሌክትሪኩን መልሶ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። የጋዝ ምጣድ ያለው ሰው ያንን ዙር ይዘላል፤ እዚህ አገር ጋዙ ይሻላል ብንል ትክክል ነን። አገር ቤት ግን ያው ምጣድ ሌላ ፍርድ ይገባዋል። ውኃው ከ100 እጅ 90ውን ይሰጣል፤ በመስመር ላይ የሚጠፋው እዚያ ብዙ ነው፣ 70 ብቻ ቤት ቢደርስ እንኳ 40 ያህሉ እንጀራውን ያበስላል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው ማገዶ ደግሞ ከመቶ አሥሩን እንኳ ለእንጀራው አያደርስም፤ የቀረው ጭስ ሆኖ በእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ላይ ያልፋል፤ እንጨቱም የሚመጣው ከተመናመነው ጫካ ነው። በማገዶ፣ በኩበትና በከሰል የሚያበስለው ቤተሰብ ዛሬም የሚበዛው ክፍል ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክን ለምጣድ ማዋል ብክነት ነው የሚለውን ከውጭ መጻሕፍት የተቀዳ አስተያየት ለኢትዮጵያ እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ መጻሕፍቱ የተጻፉት ከሰልና ጋዝ አንድደው ኤሌክትሪክ ለሚያመነጩ አገሮች ነው።

ይህ ማለት ግን ችግር የለበትም ማለት አይደለም። በበርሜል እንቁጠረው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 130 ሜትር ቢወርድ ብክነቱ ተቀንሶ 0.32 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲጣድ ታዲያ 11 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 55 ጊዜ ተሞልቶ በተርባይኑ ማለፍ አለበት፤ በመስመር የሚጠፋውን ሳንቆጥር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን አቅሙ ነው። አንድ ሚሊዮን ቤቶች በአንድ ሰዓት ምጣዳቸውን ቢጥዱ 3,500 ሜጋ ዋት ይፈልጋሉ፤ ይህም ከኅዳሴው ግድብ ጠቅላላ አቅም ከሁለት ሦስተኛው በላይ ነው። እነዚሁ ቤቶች በየተራ ቢጋግሩ የሚፈጁት ኃይል ያው ሆኖ የሚጠይቁት አቅም ግን ጥቂት ነው። በበዓል ዋዜማ መብራት የሚሄደው ግድቡ ውስጥ ውኃ አልቆ ላይሆን ይችላል፤ የሠፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ የዚያን ሰዓት ጭነት መሸከም አቅቶት ሊሆን ይችላል።

ምጣዱ ራሱ ገና ብዙ ሊሻሻል የሚችል ዕቃ ነው። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ለመጋል ብዙ ጊዜና ኃይል ይፈጃል፤ ሥሩ በደንብ ስላልተሸፈነ ሙቀቱ ወደ ታች ያመልጣል፤ በአብዛኞቹ ላይ ሙቀት የሚቆጣጠር ነገር ስለሌለ ጋጋሪዋ እያበራች እያጠፋች በልምድ ትመራዋለች። ቀጠን ባለ ሸክላና በተሻለ ሽፋን ከመቶ 57 የነበረውን ወደ 70 ማድረስ ቢቻል፣ ያው አንድ ሚሊዮን ቤት በ3,500 ፈንታ 2,850 ሜጋ ዋት ይበቃዋል። ልዩነቱ 650 ሜጋ ዋት ነው፤ የቆቃን ጣቢያ አሥራ አምስት ጊዜ የሚያህል። የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ የሆናችሁ አባሎች ለመመረቂያ ሥራችሁ ርእስ ስትፈልጉ ይህን እንድታስቡበት የጥናት ክፍሉ ያሳስባል። ለመጀመሪያው ልኬት የሚያስፈልገው አንድ ምጣድ፣ አንድ ቆጣሪ፣ ሚዛንና የሙቀት መለኪያ ብቻ ነው፤ ሊጡ ከመጋገሩ በፊትና እንጀራው ከወጣ በኋላ እየተመዘነ በእንፋሎት የወጣው ውኃ ይታወቃል። ሊጡን ከሁለት ቤቶች ለመስጠት ቃል የገቡ አባሎች አሉን።